ከበቅሎ ኮቴ እስከ ብስክሌት ጎማ

የሰው ልጅ ለአንድ ጉዳይ ብሎ የሠራው ሥራ ጉዳዩ ካለፈ በኋላ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ግንብ፣ ስለ ምሽግና ስለ ሐውልት ብዙ ጊዜ ተጠይቋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ከዚህ ሁሉ ዝቅ ስላለ ነገር ነው፤ ይኸውም በቅሎ ጀልባ እየጎተተች እንድትሄድበት ስለ ተደለደለ አንድ ጠባብ የአፈር መንገድ ነው። መንገዱ በአሜሪካ አገር ከዋሺንግተን ከተማ ተነሥቶ፣ የፖቶማክን ወንዝ ዳር ዳሩን ይዞ፣ በሜሪላንድ ክፍለ አገር እስካለው እስከ ከምበርላንድ ከተማ ድረስ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስሙን የወሰደው ከጎኑ ከተቆፈረው ቦይ ሲሆን የቼሳፒክና የኦሃዮ ቦይ የጉተታ መንገድ ይባላል።

ዛሬ በዕረፍት ቀን ወደዚህ መንገድ የሚወርድ ሰው በብዛት የሚያየው ብስክሌት የሚነዱ ቤተ ሰቦችን ነው። አባት ከፊት ይመራል፤ ልጆች በመካከል ይሆናሉ፤ እናት ከኋላ ሆና ማንም እንዳይቀር ትጠብቃለች። እግሩ ለመርገጫው ያልደረሰው ሕፃን ደግሞ ከብስክሌት ኋላ በተቀጠለች ትንሽ ጋሪ ተቀምጦ ዛፉንና ውኃውን እያየ ይሄዳል። መኪና አይመጣባቸውም፤ ዳገት አያደክማቸውም። ነገር ግን ይህ ጸጥታ በዋዛ የተገኘ አይደለም። መንገዱ እንዴት እንደ ተሠራ፣ እንዴት ሊጠፋ እንደ ደረሰ፣ በማንስ ብልሃት እንደ ተረፈ ማወቅ ለማናቸውም የሕዝብን ንብረት ለሚጠብቅ ሰው ይጠቅማልና ታሪኩን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፖቶማክ ትልቅ ወንዝ ነው፤ ሆኖም ለጀልባ የሚመች አይደለም። ከዋሺንግተን ወደ ላይ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ታላቁ ፏፏቴ ይገኛል፤ በዚያም ውኃው በአጭር ርቀት ውስጥ ከ20 ሜትር በላይ እየተንደረደረ ይወርዳል። የአሜሪካ መንግሥት ገና በተቋቋመበት ዘመን በባሕሩ ዳር ያሉትን ከተሞችና ከአሌጌኒ ተራሮች ማዶ ያለውን ለም መሬት የሚያገናኝ ጥሩ መንገድ አልነበረም። ይህን ችግር አስቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ ጆርጅ ዋሺንግተን ነበሩ። ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት በ1785 የፖቶማክ ኩባንያ ሲቋቋም የመጀመሪያው የበላይ ሹም ሆነው ተመረጡ። ኩባንያው በየፏፏቴው ጎን አጫጭር ቦዮችን አስቆፈረ፤ በታላቁ ፏፏቴ ያለውም ሥራ በ1802 ተፈጸመ። ዋሺንግተን ግን በ1799 ሞተው ነበርና ፍጻሜውን አላዩትም።

የወንዙ ጠባይ ግን በአጫጭር ቦዮች የሚገራ አልሆነም። በበጋ ውኃው ይጎድላል፤ በክረምትና በጸደይ ጎርፉ ያይላል፤ ጀልባ በደኅና የሚሄድበት ወራት ጥቂት ነበር። በ1825 በኒው ዮርክ የኤሪ ቦይ ተፈጽሞ ለነጋዴዎች ከፍ ያለ ጥቅም መስጠት ሲጀምር፣ የፖቶማክ አገር ሰዎችም ወንዙን ከማረም ይልቅ ከጎኑ ፍጹም አዲስ ቦይ ለመቆፈር ወሰኑ። አሳባቸውም ቦዩ ተራራውን ተሻግሮ እስከ ኦሃዮ ወንዝ እንዲደርስ ነበር። ስሙ የቼሳፒክና የኦሃዮ ቦይ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስሙ ግን ሥራው ያልደረሰበትን ቦታ ይዞ ቀርቷል።

የሥራው መጀመሪያ በዓል በጁላይ 4 ቀን 1828 ተደረገ። ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ንግግር አድርገው የመጀመሪያውን አፈር ለመቁረጥ አካፋውን ቢያሳርፉ ሥር ገጠማቸው። ደጋግመው ቢመቱም አልበገር አለ። በዚህ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ኮታቸውን አውልቀው እንደ ሠራተኛ መቆፈር ቢጀምሩ የተሰበሰበው ሕዝብ በደስታ ጮኸ። በዚያው ቀን ከዚያ ብዙም በማይርቀው በባልቲሞር ከተማ ሌላ በዓል ይከበር ነበር። የነጻነቱን አዋጅ ከፈረሙት ሰዎች መካከል በሕይወት የቀሩት የ90 ዓመቱ ሽማግሌ ቻርልስ ካሮል የባልቲሞርና የኦሃዮ የባቡር ሐዲድ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። እንግዲህ ቦዩና ሐዲዱ በአንድ ቀን ተወለዱ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወንዝ ለመድረስ ተነሡ፤ ሁለቱም በአንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ማለፍ ነበረባቸው። ሸለቆው በሚጠብበት ስፍራ ማን ይቅደም በሚለው ነገር ሁለቱ ኩባንያዎች ዓመታት የፈጀ ሙግት ገጠሙ። በ1832 ፍርዱ ለቦዩ ቢሆንም በሙግቱ ዘመን የጠፋው ጊዜ አልተመለሰም።

ቦዩን በእጃቸው የቆፈሩት በብዛት ከአየርላንድ፣ ከጀርመንና ከእንግሊዝ አገር የመጡ ስደተኞች ነበሩ። መሣሪያቸው ዶማና አካፋ፣ የእጅ ጋሪና የድንጋይ ማፍረሻ ባሩድ ነበር። በ1832 የኮሌራ በሽታ በሠፈሮቻቸው ገብቶ ብዙዎችን ፈጀ። ደመወዝ በመዘግየቱና ሥራ በመጥበቡ ምክንያት በ1834 ሠራተኞቹ በወገን በወገን ተከፍለው እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንም ጦር ላኩ። የፌዴራሉ መንግሥት በሠራተኞች ጠብ ምክንያት ወታደር ሲያዝዝ ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ በደስታ የሚያልፍ ሁሉ ከጎማው በታች ያለው ድልድል መሬት የእነዚህ ሰዎች ላብ መሆኑን ቢያስብ ተገቢ ነው።

ከሥራው ሁሉ የከፋው የፓው ፓው ዋሻ ነበር። ወንዙ በዚያ ስፍራ ደጋግሞ ስለሚጠማዘዝ፣ መሐንዲሶቹ ወንዙን ከመከተል ይልቅ ተራራውን መብሳት ይሻላል ብለው በ1836 ሥራውን አስጀመሩ። በ2 ዓመት ይፈጸማል የተባለው ዋሻ 14 ዓመት ወሰደ። ድንጋዩ ከታሰበው በላይ አስቸጋሪ ሆነ፤ ገንዘቡ አለቀ፤ ሥራውም ለጥቂት ዓመታት ቆመ። በመጨረሻ 950 ሜትር ርዝመት ያለውና ውስጡ በስድስት ሚሊዮን ያህል ጡብ የተለበሰው ዋሻ በ1850 ተከፈተ። በዚያው ዓመት ቦዩ ከምበርላንድ ደረሰ። ነገር ግን ባቡሩ ከምበርላንድ የደረሰው በ1842 ነበርና ቦዩ በስምንት ዓመት ተቀድሟል። ኩባንያውም ዕዳው ስለ ከበደበት ከዚያ ወዲያ አንድ ክንድ እንኳ አልቆፈረም፤ የኦሃዮን ወንዝ የማየት ተስፋውም በዚያው ቀረ።

አሁን ቦዩ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ መግለጽ ያስፈልገናል፤ የዛሬው የብስክሌት መንገድ ጠባይ የመጣው ከዚህ ነውና። ውኃ በተዳፋት ላይ ረግቶ አይቆምም። ከዋሺንግተን እስከ ከምበርላንድ ግን መሬቱ 184 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ቦዩን እንደ ደረጃ ቆራርጠው ሠሩት፤ በየደረጃው መካከል ውኃው ሜዳ ሆኖ ይተኛል፤ ደረጃው በሚነሣበት ቦታ ደግሞ መዝጊያ ያለው የድንጋይ ክፍል ይገኛል። እነዚህ የውኃ ደረጃዎች 74 ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል 30 ሜትር ያህል ርዝመትና 4.6 ሜትር ያህል ወርድ ሲኖረው በላይና በታች የእንጨት መዝጊያ ነበረው። ሽቅብ የሚሄድ ጀልባ በታችኛው መዝጊያ ይገባና ከኋላው ይዘጋበታል፤ ከዚያም ከላይ ውኃ ይለቀቅለታል፤ ክፍሉ እየሞላ ሲሄድ ጀልባው አብሮ ይነሣል፤ ከላይኛው ውኃ ጋር በተካከለ ጊዜ የላይኛው መዝጊያ ተከፍቶለት ጉዞውን ይቀጥላል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በውኃው ክብደትና በሰው ክንድ ብቻ ነበር።

በመንገድ ላይ ወደ ፖቶማክ የሚገቡ ወንዞች ሲያጋጥሙ ቦዩ ራሱ በድልድይ ላይ ይሻገር ነበር። እንደነዚህ ያሉ ውኃ ተሸካሚ ድልድዮች 11 ሲሆኑ ከሁሉ የሚበልጠው የሞኖካሲ ድልድይ ነው። ሰባት ቅስት ያለውና 157 ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ የድንጋይ ሥራ በ1833 ተፈጸመ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን፣ በ1862፣ የደቡብ ወታደሮች ሊያፈርሱት መጥተው ግንቡ ጠንክሮባቸው ትተውት ሄደዋል። ቦዩ በሰሜንና በደቡብ ድንበር ላይ ይገኝ ስለ ነበር በዚያ ጦርነት ብዙ ጉዳት ደርሶበታል።

ጀልባዎቹን የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ። በእኛ አገር በቅሎ የመኳንንትና የሊቃውንት መቀመጫ፣ የክብር ምልክት ናት፤ በዚያ ቦይ ዳር ግን ክብሯ በጉልበቷ ነበር። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በረጅም ገመድ 28 ሜትር የሚረዝም ጀልባ ይስባሉ፤ ጀልባውም እስከ 120 ቶን የሚደርስ የድንጋይ ከሰል ይጫናል። ከእነርሱ ጋር የሚፈራረቁት ሌሎች በቅሎዎች በጀልባው ፊት በተሠራው ጋጣ ውስጥ ያርፋሉ፤ የእነዚያ ተራ ሲያበቃ እነዚህ ይወጣሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ከከምበርላንድ የተነሣው ከሰል በሰው እርምጃ እየተጓዘ ከቀናት በኋላ በዋሺንግተን አጠገብ ካለው ከጆርጅታውን ወደብ ይደርሳል።

ይህ ሥራ የቤተ ሰብ ሥራ እንደ ነበረ በተለይ ልናስታውስ ይገባናል። ብዙዎቹ የጀልባ መሪዎች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው በጀልባው ላይ ይኖሩ ነበር። እናት በጠባቧ ክፍል ታበስላለች፤ አስፈላጊም ሲሆን መሪውን ትይዛለች። ሕፃናቱ ውኃ ውስጥ እንዳይወድቁ በገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰራሉ፤ ከፍ ያሉት ልጆች ደግሞ ከበቅሎዎቹ ጎን ረጅም ሰዓት በእግራቸው ይሄዳሉ። ጀልባው ወደ ውኃ ደረጃው ሲቃረብ ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ቀንም ሆነ ሌሊት ጠባቂው ከቤቱ ወጥቶ መዝጊያውን ይከፍታል። ጠባቂው ጥቂት ደመወዝ፣ የሚኖርበት ቤትና አትክልት የሚተክልበት መሬት ይሰጠው ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹም ሥራውን ይጋሩት ነበር። ክረምት ገብቶ በረዶ ሲመጣ ቦዩ ይደርቃል፤ በቅሎዎቹም እስከ ጸደይ ድረስ ያርፋሉ። ከዚህ እንደምንረዳው ዛሬ ልጆች ለመዝናናት የሚሄዱበት ስፍራ በጥንት ዘመን ልጆች እንጀራቸውን ለማግኘት የሚደክሙበት ነበር። ታሪክን ለተማሪዎች የሚያስተምር መምህር ይህን ልዩነት ሳያሳይ ቢያልፍ የመንገዱን ግማሽ እውነት አስቀረ ማለት ነው።

የቦዩ ደግ ዘመን ከ1870 በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት ከ500 የማያንሱ ጀልባዎች ይመላለሱበት ነበር። ነገር ግን ሐዲዱ በየዓመቱ እየበረታ ሄደ፤ ወንዙም የጥንት ጠባዩን አልተወም። በ1889 የደረሰው ታላቅ ጎርፍ የቦዩን ግድግዳ በብዙ ስፍራ ሰባብሮ ኩባንያውን ለኪሣራ ዳረገው። ያን ጊዜ ቦዩን በእጁ ያደረገው ያው የጥንት ተወዳዳሪው የባቡር ኩባንያ ነበር። ቦዩ በዚህ ሁኔታ እስከ 1924 ቆየ፤ በዚያ ዓመት ሌላ ጎርፍ ሲመጣ ግን የፈረሰውን ለመጠገን የተነሣ አልነበረም። በቅሎዎቹ ተሸጡ፤ ጀልባዎቹ በጭቃ ውስጥ በሰበሱ፤ በደረቀው ቦይ ውስጥም ዛፍ በቀለ።

በ1938 የአሜሪካ መንግሥት ቦዩን በ2 ሚሊዮን ዶላር ከባቡር ኩባንያው ገዛ። በዚያ ጊዜ ለሥራ አጥ ወጣቶች ሥራ ለመስጠት የተቋቋመ የመንግሥት ድርጅት ነበርና ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑ ወጣቶች በሁለት ሠፈር ተመድበው ከጆርጅታውን ጀምሮ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ክፍል እስከ 1942 ድረስ አደሱ። በዚያ ዘመን ዘር ከዘር በሕግ ይለያይ ስለ ነበር እነዚህ ወጣቶች በየቦታው ብዙ ነገር ይከለከሉ ነበር፤ እነርሱ የጠገኑት መንገድ ግን ዛሬ ለማንም ሳይለይ ክፍት ነው።

ከዚህ በኋላ ቦዩን ያሠጋው ጎርፍ አልነበረም፤ እቅድ ነበር። በ1950 በሸለቆው ውስጥ፣ በቦዩና በጉተታ መንገዱ ላይ፣ የመኪና ጎዳና እንዲሠራ ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ክፉ አሳብ ነበራቸው ማለት አይቻልም። ሸለቆው ውብ ነው፤ የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ መኪና ቢገባበት ብዙ ሕዝብ ይደሰትበታል የሚል ክርክር ነበራቸው። ዋሺንግተን ፖስት የተባለው ታላቅ ጋዜጣም በጃንዋሪ 1954 ይህንኑ ሐሳብ ደግፎ በርእሰ አንቀጹ ጻፈ።

ያን ጊዜ ከ1939 ጀምሮ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊልያም ዳግላስ ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፉ። ዳኛው በደብዳቤያቸው የጋዜጣው አዘጋጅ ዕረፍት ወስዶ ከእርሳቸው ጋር መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ እንዲሄድ ጋበዙ፤ ከሄደም አሳቡን እንደሚለውጥ ያላቸውን እምነት ገለጹ። ነገሩን ስንመረምረው ከዳኛ የሚጠበቅ አሠራር ነው። በክርክሩ ውስጥ ብዙ ሰዎች ስለ መሬቱ ተናግረዋል፤ ዋናው ምስክር ግን መሬቱ ራሱ ነውና ቀርቦ ይታይ ማለታቸው ነበር።

የጋዜጣው ሰዎች ግብዣውን ተቀበሉ። በማርች 20 ቀን 1954 ዳኛ ዳግላስ፣ የርእሰ አንቀጹ ክፍል ኃላፊ ሮበርት ኤስታብሩክ፣ ሌላው ጸሐፊ ሜርሎ ፑሲና ተፈጥሮን የሚወዱ ሌሎች ሰዎች ከከምበርላንድ ተነሥተው ወደ ዋሺንግተን ጉዞ ጀመሩ። ጉዞው ስምንት ቀን ፈጀ። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው የፈጸሙት ዳኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሆኖም በየከተማው ሕዝብ እየወጣ ይቀበላቸው፣ ጋዜጦችም በየቀኑ ይጽፉላቸው ስለ ነበር፣ ብዙ ሰው ረስቶት የነበረው ቦይ እንደገና በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ዋሺንግተን ፖስትም ከጉዞው በኋላ የቀድሞውን አሳቡን ለውጦ ቦዩ እንዲጠበቅ ጻፈ። በወረቀት ላይ ቀጭን መሥመር የነበረው ነገር፣ በእግር ሲሄዱበት ወፍ የሚዘምርበት፣ ውኃ የሚያበራበት፣ የጥንት ሰው እጅ የሚታይበት ስፍራ መሆኑን አይተዋልና።

ከጉዞው በኋላም ሥራው በአንድ ቀን አልተፈጸመም። በ1961 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከቦዩ አብዛኛውን ክፍል ብሔራዊ ቅርስ ብለው አወጁ፤ በ1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፈረሙት ሕግ ደግሞ መላው ቦይ ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ሆነ። ከእግር ጉዞው እስከዚህ ሕግ ድረስ 17 ዓመት አልፏል። በ1977ም ፓርኩ ለዳኛ ዳግላስ መታሰቢያ እንዲሆን ተደረገ።

እንግዲህ የዛሬው ብስክሌተኛ ይህን መንገድ ስለምን ይወደዋል? ምክንያቱን ከአሠራሩ እናገኘዋለን። መንገዱ ሜዳ የሆነው ውኃው ሜዳ መሆን ስለ ነበረበት ነው፤ ዳገት የሚያጋጥመው በየውኃ ደረጃው አጠገብ ብቻ ነው፤ እርሱም አጭር ስለ ሆነ የስድስት ዓመት ልጅ ጥቂት በርታ ብሎ ይወጣዋል። መንገዱ ሰፋ ያለው የሚሄዱትና የሚመለሱት በቅሎዎች መተላለፍ ስለ ነበረባቸው ነው። ስለዚህ ለበቅሎ የተባለው ሁሉ ለሕፃን የታሰበ ያህል ሆነ። ልጆች የደረጃዎቹን ቁጥር እየቆጠሩ፣ ነጫጭ የጠባቂ ቤቶችን እያዩ፣ ዔሊ በግንድ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ እየተመለከቱ ይሄዳሉ። ከጆርጅታውን ተነሥቶ እስከ ታላቁ ፏፏቴ ደርሶ መመለስ ለበረታ ቤተ ሰብ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ከዚያ በላይ ለሚሄዱት ደግሞ ድንኳን የሚተከልባቸው ቦታዎች በየርቀቱ ተዘጋጅተዋል። ሕጉም ትሕትናን ያስተምራል፤ ብስክሌተኛ ለእግረኛ፣ ለፈረስና ለበቅሎ መንገድ ይለቃል፤ ሊቀድም ሲፈልግም ደወል ያሰማል። በፓው ፓው ዋሻ ውስጥ ጨለማ ስለ ሆነ አስተዋይ ሰው ከብስክሌቱ ወርዶ፣ መብራት ይዞ፣ እየገፋ ያልፋል።

በዋሺንግተንና በዙሪያዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያም፣ ብዙ ወገኖቻችን እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። በቅሎን በአገሩ የሚያውቅ አባት በዚያ አገር ለተወለደ ልጁ ስለ ጭነት፣ ስለ ኮርቻና ስለ በቅሎ ጠባይ ሊነግረው ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ስፍራ በቀላሉ አያገኝም። የሌላ አገር ታሪክ የሚገባን በራሳችን ታሪክ ውስጥ የምናውቀውን ነገር ስናገኝበት ነውና።

የዚህ ታሪክ መጨረሻ ደግሞ ሊያስደንቀን ይገባል። ቦዩ ከከምበርላንድ አልፎ ወደ ኦሃዮ ወንዝ ሊደርስ ፈልጎ ሳይችል እንደ ቀረ ከላይ ተመልክተናል። ከከምበርላንድ ተነሥቶ ተራራውን የሚሻገርና የኦሃዮ ወንዝ ከሚጀምርበት ከፒትስበርግ የሚደርስ፣ 240 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ሌላ የብስክሌት መንገድ በ2013 ተፈጸመ። ይህም መንገድ በአብዛኛው የተዘረጋው ባቡር በተዋቸው የሐዲድ መሥመሮች ላይ ነው። በ1828 የታሰበው ጉዞ ከ185 ዓመት በኋላ በብስክሌት ተፈጸመ ማለት ነው። ቦዩን ያሸነፈው የባልቲሞርና የኦሃዮ የባቡር ኩባንያም በ1987 ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ስሙ ቀርቷል፤ በመሥመሩ ግን ዛሬም የዕቃ ባቡር ይሄድበታል። አሸናፊና ተሸናፊ የሚባለው ነገር ምን ያህል ጊዜያዊ እንደ ሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ጥቂት ነው።

ሆኖም የተረፈ ነገር ሁሉ ለዘለዓለም ተረፈ ማለት አይደለም። ወንዙ ዛሬም በየጊዜው ይሞላል፤ በ1972ና በ1996 የደረሱት ጎርፎች መንገዱን በብዙ ስፍራ ቆራርጠውታል፤ የሞኖካሲ ድልድይም እንዳይፈርስ በብረት ተደግፎ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ በ2005 ነው ታድሶ ያበቃው። ቅርስን መጠበቅ አንድ ጊዜ አውጀው የሚያርፉበት ሥራ አይደለም፤ እንደ ቤት ጣራ በየዓመቱ መታየትን ይፈልጋል፤ በየዓመቱም ወጪ አለው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ለሹሙም ለመምህሩም ለተማሪውም የሚሆን ነው። ገንዘብ ያወጣው ኩባንያ በሂሳብ ዓይን ሲመለከተው ቦዩ ከንቱ ድካም ነበር፤ የታሰበለትን ቦታ አልደረሰም፤ ዕዳውን አልከፈለም። የመኪናውን ጎዳና ያቀዱትም ሰዎች ቦዩን ያዩት ጥቅሙ እንዳለቀበት የድሮ ጉድጓድ አድርገው ነበር። ሁለቱም ሂሳብ በቁጥሩ አልተሳሳተም፤ የጎደለው፣ ነገሩ ገና ያልታየ ሌላ ጥቅም ሊኖረው ይችላል የሚለው አሳብ ነበር። ያንንም ጥቅም ያገኙት በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሳይሆኑ በእግራቸው የሄዱት ናቸው። የፈረሰን ለመገንባት ገንዘብ ይገኝ ይሆናል፤ 297 ኪሎ ሜትር ያልተቋረጠ ጸጥታ ግን በአንድ ጊዜ ከጠፋ በማናቸውም ገንዘብ አይገዛም። ስለዚህ የቀደሙ ሰዎች የሠሩትን ሥራ አጥፍተን በስፍራው ሌላ ለማቆም በምንመክርበት ጊዜ ሁሉ፣ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ስፍራውን ከዳር እስከ ዳር በእግራችን ብንሄድበት፣ የሚጠፋብን ስምንት ቀን ነው፤ የሚተርፈው ግን ለልጅ ልጅ ነው።